ጆግ፣ ጀሪካንና ቅል

ጡረታ በወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰዓት ፊርማ ሳሳድድ ኖሬ፣ የትም በሰዓቱ ድረሺ የሚለኝ በማይኖርበት ቀን ሰዓት ተሰጠኝ። አመስግኜ ተቀበልኩ። ፎቶ ስንነሣም እንደ ልማዴ ከንፈሬን ገጥሜ ፈገግ አልኩ። የናዝሬት ልጅ ነኝ፤ ጥርሴን የአገሬ ውሃ ገና በልጅነቴ አበልዞታል።

ያናደደኝ ግን ሰዓቱ አይደለም። በማግስቱ ንብረት ላስረክብ ስሄድ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ አንድ ዝርዝር አቀረበልኝ። ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የብረት ቁምሳጥን። ከሥር ደግሞ «ሦስት ካርቶን ያገለገለ ወረቀት፤ የሚወገድ» ይላል። ካርቶኖቹን አውቃቸዋለሁ፤ በሲባጎ ያሰርኳቸው እኔ ነኝ። ውስጣቸው ያለው አለቃዬ የነበሩት ጋሽ ሰይድና እኔ በውሃ ቀለም የሳልናቸው ሥዕሎች ናቸው። ጆግ፣ ጣሳ፣ ሳፋ፣ ብረት ድስት፣ ፋኖስ፣ ወንፊት፣ ጀሪካን፣ የወተት ቅል። አልፈርምም አልኩት። ልጁ ግራ ገብቶት፣ «እትዬ፣ ወረቀት እኮ ነው» አለኝ።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ዝርዝር መልስ ይሆን ዘንድ ነው። የሰው የሥራ ዘመን በአንድ መስመር የሚጠቃለል ከሆነ ቢያንስ መስመሩ እውነት ይሁን።

መሥሪያ ቤታችን ለገበሬ ቤተሰብ የሚያስተምሩ ፖስተሮችና ትናንሽ መጻሕፍት ያዘጋጅ ነበር። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ እህላችሁን ከነቀዝ ጠብቁ፣ ወተት በንጹሕ ዕቃ አስቀምጡ የሚሉ። ያኔ ከገጠር እናቶች ብዙዎቹ ማንበብ ስለማይችሉ ትምህርቱን የሚሸከመው ሥዕሉ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ካርታ አሳምራ ትስላለች ተብዬ ረዳት ሠዓሊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃል፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ነጭ ቆብ ከራሳቸው የማይለይ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ። ክረምት ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርጉት ከቢሮው ቆርቆሮ ጣራ ሥር ባልዲ መደርደር ነበር። የዝናቡን ውሃ በጨርቅ አጥልለው በጠርሙስ ይሞላሉ፤ ዓመቱን ሙሉ የሚስሉት በዚያ ነው። የቧንቧችን ውሃ ቀለሙ ሲደርቅ ነጭ ጭጋግ ያለብሰዋል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር እሱው ነው። ሥራ በጀመርኩ ሳምንት ሰንፌ ከቧንቧ ቀድቼ ሳመጣ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አዩና፣ «ጥርስሽን ያበለዘ ውሃ ወረቀቴን አይነካውም» አሉኝ። ስለ ጥርሴ ፊት ለፊት የቀለደብኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ተቀይሜያቸው ነበር፤ ሳልወድ ስቄ ግን ጥርሴን አሳየኋቸው።

የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ ነጭ የኤናሜል ጆግ ነበር። አፉ ላይ ተቀርፎ ጥቁር ብረቱ የሚታይ፣ መያዣው የተነቃነቀ። በግማሽ ቀን ጨርሼ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩትና ይህ ጆግ ነው ወይስ የጆግ መታወቂያ ብለው መለሱልኝ። ሁለተኛ ሳልኩ፤ መለሱልኝ። በውሃ ቀለም ነጭ የሚባል ቀለም እንደሌለ ያስረዱኝ ያኔ ነው። ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። ብርሃን ያረፈበትን ቦታ አስቀድመሽ አውቀሽ ሳትነኪው ታልፊያለሽ፤ አንዴ ከነካሽው አይመለስም። ጥቁርም አይጠቀሙም፤ ጨለማውን ከሰማያዊና ከቡኒ ይቀምሙታል። አንድ ዕቃ ከመጣ ደግሞ የመጀመሪያውን ቀን አይስሉትም። መስኮት ላይ ያስቀምጡትና ሥራቸውን እየሠሩ ቀና እያሉ ያዩታል።

በሦስተኛው ሳምንት ነጩ ጆግ ነጭ አለመሆኑን አየሁ። በመስኮቱ በኩል ሰማያዊ ነው። ከጎረቤቱ ቢጫ ግድግዳ የመጣ ብርሃን ሆዱ ላይ አርፏል። ከታች ጠረጴዛው ቡናማ ቀለሙን አካፍሎታል። ያን ቀን ቤት ስገባ እናቴ እጅ ልታስታጥበኝ የቤታችንን ጆግ ይዛ ቀረበች። እኔ እጄን ዘርግቼ፣ ዓይኔን ጆጉ ላይ ተክዬ ቀረሁ፤ ውሃው እግሬ ላይ ፈሰሰ። እናቴ ምን ሆነሻል አለችኝ። ስንት ዓመት የታጠብኩበትን ዕቃ ገና ዛሬ አየሁት ማለት አፍሬ፣ ደክሞኝ ነው አልኳት። ደስታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰርግም ልጅም አይቻለሁ፤ ያን የመሰለ ደስታ ግን ጥቂት ጊዜ ነው ያገኘሁት።

ሰፈሩ ግን ሳቀብን። መንግሥት ደመወዝ ከፍሎ ጆግ ያስላል ተባለ። ሴት ልጅ ተምራ ቢሮ ገብታ የምትስለው ማድ ቤት ያለውን ነው ወይ ተባለ። እትዬ ጆግ የሚል ስም ወጣልኝ፤ እስካሁንም በዚያ ስም የሚጠሩኝ አሉ። ይጥሩኝ። አንበሳና ፏፏቴ ብንስል ባልሳቁብን ነበር፤ ያንን ግን ሰው ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል እንጂ አያየውም።

ከሰፈሩ የባሰው የመምሪያ ኃላፊያችን አቶ ታምራት ነበሩ። ሁልጊዜ አዲስና የሚያብለጨልጭ ዕቃ እንድንስል ይፈልጋሉ። ሕዝቡ ያለውን ዕቃ ብትስሉለት ምን ይጠቅመዋል፣ የሌለውን ሳሉለትና ይመኝ ይሉናል። ስለ ውሃ ማፍላት የሚያስተምረው ፖስተር በሳቸው ትእዛዝ የተሠራው እንደ መስተዋት ፊት የሚያሳይ፣ የመስተዋት ክዳን ያለው ድስት ተስሎበት ነው። ይዘነው ቆቃ ወረድን። የዓሣ አስጋሪዎቹ ሚስቶች ተሰብስበው አዩት፤ አንዷ አጨበጨበች። ከወር በኋላ ስንመለስ ውሃ የሚያፈላ ቤት አላገኘንም። ወይዘሮ ዘነበች የሚባሉ ሴት ምክንያቱን ሲጠየቁ ተገርመው፣ «እንዲህ ያለ ድስት መች አለንና ነው?» አሉ።

ጋሽ ሰይድ እዚያው የሴትዮዋን ድስት ተዋሱ። ሥሩ በጥላሸት የጠቆረ፣ ጎኑ ጎድጎድ ያለ ብረት ድስት ነው። ጎድጓዳውን ሳይቀር ሳሉት። ጥላሸቱን በሰማያዊና በቡኒ እየደራረቡ፣ አንዱ እስኪደርቅ ሌላውን እየጠበቁ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ፖስተሩ ተለውጦ ቆቃ ሲወርድ ወይዘሮ ዘነበች ቀረብ ብለው አዩና፣ «ይኼማ የእኔ ነው» አሉ። ከኋላቸው ያለችውም ሴት የእኔም ነው አለች። ውሃው ፈላ። አቶ ታምራት ሪፖርቱ ላይ የራሳቸውን ስም ጻፉ፤ ቢጽፉም ድስቱ የዘነበች ነው።

የተዋስነውን ዕቃ ሁሉ ጋሽ ሰይድ ሥዕሉ ባለቀበት ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመልሳሉ፤ ባዶውን ግን አይመልሱም። ይህ የእኛም የናዝሬቶቹ ወግ ነው፤ ጎረቤት በሳህን ወጥ ከላከችልሽ ሳህኑ አንድ ነገር ይዞ ነው የሚመለሰው። እሳቸው በጆጉ ውስጥ ስኳር፣ በወንፊቱ ላይ ቲማቲም አድርገው ይመልሱና ከሥዕሉ ጀርባ ይጽፋሉ። «ባለቤት፦ ወይዘሮ ዘነበች፣ ቆቃ። ብረት ድስት። ሲመለስ፦ አንድ ኪሎ ጨው።» በዚህ ይሳቅባቸው ነበር። እኔም በልቤ ስቄያለሁ።

አሁን ወደማልወደው ነገር ደረስኩ። አዳሚ ቱሉ ተዛውረን ስንሠራ ወተት በንጹሕ ዕቃ አስቀምጡ የሚል ፖስተር ታዘዘ። ለግቢያችን ወተት የሚያመጡልን አዴ ቢፍቱ የሚባሉ የአርሲ ሴት ነበሩ። ጋሽ ሰይድ የወተት ቅላቸውን ለሁለት ቀን አዋሱን አሏቸው። አዴ ቢፍቱ አመነቱ። ከዚያ ወተቱን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠው ሰጡን። ከጭስና ከቅቤ ብዛት ጠቁሮ የሚያበራ፣ በቆዳ ማንገቻ የሚንጠለጠል ቅል ነው። አንገቱ ሥር ተሰንጥቆ በጅማት ተሰፍቷል።

የመጀመሪያውን ቀን መስኮት ላይ አየነው። በሁለተኛው ቀን ዓርብ ነበርና ጋሽ ሰይድ ለጁምዓ ሶላት ዝዋይ ሄዱ። እኔ ብሩሽ ይዤ ተቀመጥኩ። ጥቁር ብቻ ሆነብኝ፤ ከሥሩ ያለውን ቀለም ማየት አማረኝ። በዚያ ላይ እናቴ ያሳደገችኝ የተዋስሽውን ዕቃ ሳታጥቢ ብትመልሺ አላሳደግሁሽም እያለች ነው። ፖስተሩም ንጹሕ ዕቃ ነው የሚለው። ውሃ አፍልቼ፣ የሳሙና ዱቄት በጥብጬ ቅሉን ከውስጥም ከውጭም ፈተግኩት። ውሃው ሦስት ጊዜ ጠቁሮ ተደፋ፤ በአራተኛው ቅሉ እንደ ዱባ ፈክቶ ብቅ አለ። ኮራሁ። ደረቅ እስኪል ፀሐይ ላይ አቆየሁትና፣ ባዶውን እንዳይሄድ ስኳር ሞላሁበት።

አዴ ቢፍቱ ከሰዓት በኋላ መጡ። በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። ክዳኑን ከፍተው ስኳሩን አላዩትም፤ አፍንጫቸውን አስገብተው አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ። ከዚያ፣ «ዱኤ» አሉ። ኦሮምኛዬ ያኔም ቢሆን ለዚህች ቃል አያንስም። ሞተ ማለታቸው ነው። ቅሉን ከነስኳሩ መሬት ላይ አስቀመጡና ሄዱ።

ማታውን ጋሽ ሰይድ ያደረግሁትን ነገሩኝ። የወተት ቅል በሳሙና አይታጠብም። በየቀኑ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ መታጠቢያው ጭሱ ነው። ወተቱን የሚጠብቀው፣ ጣዕሙንም የሚሰጠው ዓመት በዓመት ላይ የተጋገረው ጭስ ነው። ሳሙና አንዴ ከገባበት ወተቱ ይበላሻል። ይህንን ቅል ማጠን የጀመሩት የአዴ ቢፍቱ እናት ናቸው፤ ልጃቸውን ሲድሩ ሰጧት። የሁለት ሴቶች ጭስ በአንድ ቀን አጥቤ ደፋሁ። ንጽሕና አስተምሪ ተብዬ የተላክሁት እኔ፣ ንጽሕና የሚያውቁትን ሴት ዕቃ ገደልኩ።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡም። ቅሉን አንሥተው መስኮቱ ላይ አስቀመጡና፣ «እንግዲህ ያለው ይኼ ነው። ሳዪው» አሉኝ። እያለቀስኩ ሳልኩት። ገርጥቷል፣ አፍሯል፣ ስፌቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። በሕይወቴ ከሳልኳቸው ሁሉ እጄ ያልተሳሳተበት ሥዕል እሱ ነው፤ ስለዚህ ነው የምጠላው። ጋሽ ሰይድ ከጀርባው «ባለቤት፦ አዴ ቢፍቱ፣ አዳሚ ቱሉ። የወተት ቅል። አልተመለሰም» ብለው ጻፉ። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ይዘን ሄድን፤ ይቅር አሉን። ወተት ግን ከዚያ በኋላ የገዛነው ከሌላ ሰው ነው። ፖስተሩ ላይም አቶ ታምራት እንዳዘዙት የሚያብለጨልጭ የብረት ዕቃ ወጣ።

ከዚያ ወደ ሻሸመኔ ተዛወርን። ቅሉን ጋሽ ሰይድ አልጣሉትም፤ የዝናብ ውሃችንን የምናስቀምጥበት እሱ ሆነ። ብሩሼን ባራስኩ ቁጥር አየዋለሁ። እስከ ዛሬ ቀጥተውኝ ከሆነ ቅጣቱ ይኼ ነው።

ሻሸመኔ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ቢሯችን ከጠዋት ጀምሮ የመኪና ጥሩምባ አይለየውም። እኔ ግን ጀሪካንን ያገኘሁት እዚያ ነው። ውሃ ሊቀዱ የተሰለፉ ሴቶች ቢጫ ጀሪካኖቻቸውን ደርድረው ያወራሉ። ጠዋት ፀሐይ ከኋላ ስትመታው ውሃው እስከየት እንደደረሰ ይታያል፤ ከውሃው በላይ ቢጫው ሎሚ ነው፣ ከውሃው በታች ማር። በክዳን ፋንታ የተወተፈው የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ከላይ ተጽፎ የደበዘዘው የባለቤቷ ስም፣ በመጎተት ብዛት የተፋቀው ጎኑ። አንድ ዓመት ሙሉ ጀሪካን ሳልኩ። ፕላስቲክ ነው፣ አስቀያሚ ነው የሚሉኝን አልሰማኋቸውም። ያን ሁሉ ውሃ በሴቶች ጀርባ ያሳለፈ ዕቃ አስቀያሚ ነው የሚል ሰው አንድ ቀን ይሸከመው።

ወደ አዳማ ስንመለስ መኪናው ላይ ቅሉ ተሰበረ። ጋሽ ሰይድ ጥቂት ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጡ፤ ከዚያም ሞቱ። የመጨረሻውን ጠርሙስ የዝናብ ውሃ ለእኔ ተዉልኝ። በኋላ ኮምፒውተር መጣ። ድስት ሲፈለግ ከኢንተርኔት የፈረንጅ ድስት ተጎትቶ ይለጠፋል፤ የመስተዋት ክዳኑም ተመልሶ መጣ። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ማንም ሳያዘኝ መሳሌን ቀጠልኩ። ማንም ስላላዘዘኝ ማንም አላስቆመኝም።

እንግዲህ ዝርዝሩን አልፈርምም ያልኩት ይህን ሁሉ ይዤ ነው። ወደ አዲሱ ኃላፊ ገባሁ። ኦቦ ገመቹ ልጄ የሚሆን፣ ትሑት ሰው ነው፤ ከመቀመጫው ተነሥቶ አስቀመጠኝ። ወደ አዲስ ሕንፃ እየገቡ ስለሆነ ቦታ እንደሌለ፣ ሥዕሎቹ በደመወዝ የተሠሩ የመንግሥት ንብረት ስለሆኑ ለግለሰብ እንደማይሰጡ አስረዳኝ። ለመያዝ አይጠቅሙም፤ ለመስጠት ግን ንብረት ናቸው። አንዱን ካርቶን ፈትቼ የቆቃውን ድስት ገልብጬ ሰጠሁት። ከጀርባው ያለውን አነበበ፤ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«ታዲያ እኮ ድስቱ ተመልሷል፣ እትዬ» አለኝ።

«ድስቱ ተመልሷል። መልኩ ግን እስካሁን እናንተ ጋ ነው» አልኩት። «ንብረታችን ነው ካላችሁ ከማን ገዛችሁት?»

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ መሳቁን ተወና ሌላ ሥዕል አንሥቶ ገለበጠ፤ ሌላም። በመጨረሻ እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጠኝ። ባለቤቱ ተገኝቶ የፈረመበት ይሰጣል፤ ያልተገኘለት ይቃጠላል። በዚህ ተስማማን።

ሃያ ሦስት ቀን ነበረኝ። ሥዕሎቹን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ከሚኒባስ ሚኒባስ፣ ከባጃጅ ባጃጅ ዞርኩ። ከመስጊድ አጠገብ ሱቅ ከነበራቸው ሰው የተዋስነው ፋኖስ ሥዕል በልጃቸው እጅ ገባ፤ የመብራት ቆጣሪው ሥር ሰቀለው። አንዲት ሴት ለዚህ ነው ከአዳማ ድረስ የመጣሽው ብላ በሩን ዘጋችብኝ፤ ጥግ ላይ ሳልደርስ ጠርታ ተቀበለችኝ። ወይዘሮ ዘነበች ሞተዋል። ልጃቸው የድስቱን ጎድጓዳ በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች፣ ይህንን የጣልኩት እኔ ነኝ፣ ተገርፌበታለሁ አለችና ሳቀች። ወዲያው አለቀሰች።

ሳልዋስ ከሰልፉ ላይ የሳልኳቸው፣ ባለቤታቸው ያልታወቀ የሻሸመኔ ጀሪካኖች ቀሩ። ይዣቸው መናኸሪያው አጠገብ ውሃ የሚቀዳበት ቦታ ሄድኩና፣ ይህ የማን ነው ብዬ ዘረጋሁ። የእኔ ነው አለች አንዷ። የእኔ ነው አለች ሌላዋ። አስፈረምኳቸው። ውሸት ነው የሚለኝ ካለ ቢጫ ጀሪካን የሌላት ሴት ያምጣልኝ።

በመጨረሻው ቀን አንድ ብቻ ቀረኝ። እውነቱን ልናገር፤ ሆን ብዬ ነው ያስቀረሁት። ስንቱን ሥዕል ከእሳት ላድን ስሮጥ፣ ይኼኛው ግን ይቃጠል ብዬ ነበር። ማንም አይጠይቀኝም። ሴትዮዋ በሕይወት መኖራቸውንም አላውቅም። ጠዋት ላይ ለማስረከብ ስሰናዳ ገለበጥኩትና «አልተመለሰም» የሚለውን የጋሽ ሰይድን ጽሕፈት አየሁ። አዳሚ ቱሉ የሚሄድ መኪና ተሳፈርኩ።

አዴ ቢፍቱ አሉ። አርጅተው፣ ከቤቱ ጥላ ሥር ቁርበት ላይ ተቀምጠዋል። አካም ጅርቱ ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ ፈያ፣ ፈያ አሉና የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። በግቢው ከጋሽ ሰይድ ጋር እሠራ እንደነበር ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ሳሙናዋ ነሽ?»

«አዎ፣ አዴ። ሳሙናዋ ነኝ።»

ሥዕሉን ፈትቼ ጭናቸው ላይ አኖርኩላቸው። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት። ከዚያ ጣታቸውን ስፌቱ ላይ አድርገው መቁጠር ጀመሩ። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ እያሉ እስከ ቶርባ፣ እስከ ሰባት። ሰባቱም ነበሩ።

«የእናቴ እጅ ነው» አሉ። «ይኼን የሰፋችው እሷ ናት።» ጣታቸውን ወደ ገረጣው ሆዱ አወረዱ። «ግን ራቁቱን ነው።»

«ያራቆትኩት እኔ ነኝ» አልኩ። በዚያ ሁሉ ዓመት ልመልስላቸው የምችለው ነገር እንዳልነበረኝ፣ ቅሉም እንደተሰበረ፣ ከእሱ የቀረው ይህ ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው። መፈረሚያውን ወረቀት ሳወጣ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው አተሙበት። ሥዕሉን ይዘው ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። አበቃ ብዬ ዕቃዬን ሰበሰብኩ።

ሲወጡ በእጃቸው ሌላ ቅል ይዘዋል። ጥቁር ነው፤ ያበራል፤ ጭሱ ከሩቅ ይሸታል።

«ይኼ ልብሱን ለብሷል። ውሰጅና እንደዚሁ ሳዪው» አሉኝ።

«እኔ እኮ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ አዴ።»

«እኔ መንግሥት ነኝ?» አሉ። ቅሉን እጄ ላይ አስቀመጡት። «ስትጨርሺ መልሺልኝ።»

«ባዶውን አልመልሰውም።»

«እሱን ተዪው፤ ብቻ እንዳታጥቢው።»

ሳቅሁ። ከንፈሬን ሳልገጥም፣ ጥርሴ ሁሉ እየታየ ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ፤ የእሳቸውም ጥርስ እንደ እኔው ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ ቅሉን ጭኔ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለው ተሳፋሪ ምን ይሸታል ብሎ መስኮት ከፈተ። አዳማ እንደደረስኩ የፊርማዎቹን ወረቀት ለኦቦ ገመቹ ሰጥቼ ካርቶኖቹን ባዶ አስረከብኩ። ያኔ ፈረምኩ።

ቤቴ ገብቼ የተሸለምኩትን ሰዓት ከሚስማሩ አወረድኩና ቅሉን በማንገቻው ሰቀልኩት፤ ከመስኮቱ ብርሃን በሚደርስበት። የጋሽ ሰይድን ጠርሙስ ከቁምሳጥን አወጣሁ፤ ጥቂት ውሃ አለበት። ዛሬ አልስለውም። ሥራዬን እየሠራሁ ቀና እያልኩ አየዋለሁ።